ሌሊት የሚወቅጠው

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት በ2005 ዓ.ም ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ያነቃኝ እሱ ይሁን ብርዱ አላውቅም። ጀሞ ላይ የሌሊቱ ብርድ ከፉሪ ተራራ በኩል ሲመጣ ብርድ ልብስ አይመልሰውም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ይመታል፤ ትንፋሽ እንደሚወስድ ሰው ጥቂት ያርፋል፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ቡና ሲወቀጥ እየሰማ ያደገ ልጅ ይህ ምት አይጠፋውም። ዘነዘና ሙቀጫ ውስጥ ሲያርፍ እንደዚያ ነው፤ ክንድ እስኪዝል ይወቅጣል፣ ክንድ እስኪበረታ ያርፋል።

«ማነው በዚህ ሰዓት ቡና የሚወቅጠው?» አልኩ።

«እማማ ናቸዋ፤ ሌላ ማን ሙቀጫ አለው?» አለች ባለቤቴ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

እውነት ነው፣ በህንጻችን ሙቀጫ የነበራቸው እማማ ብቻ ነበሩ። ሌሎቻችን የተፈጨ ቡና በፌስታል እየገዛን እንገባለን፤ አንዳንዱም በኤሌክትሪክ ይፈጫል። እማማ ግን ምድር ላይ ባለችው ስቱዲዮ ቤታቸው በየቀኑ ቆልተው፣ በየቀኑ ወቅጠው ነው የሚያፈሉት። ልደታ አካባቢ የነበረው ሰፈራቸው ሲፈርስ ከዕቃቸው ግማሹን ሸጠው፣ ግማሹን ለዘመድ ሰጥተው፣ ሙቀጫቸውን ግን በአይሱዙው ጋቢና እግራቸው ሥር አስቀምጠው እንደመጡ ራሳቸው ነግረውናል። ከዋንዛ የተፈለፈለች፣ ከእናታቸው የወረሷት ሙቀጫ ናት። የአፏ ጠርዝ ከብዙ ዘመን የእጅ ወዝ የተነሣ ለስልሶ እንደ ተወለወለ ቆዳ ያብረቀርቃል፤ አንድ ጎኗ ላይ ደግሞ ዘነዘና ሲስት የነደላት ጣት የምታክል ጉድጓድ አለች። ይህችን ሙቀጫ ብዙ ጊዜ በእጄ ዳብሻታለሁ። ስለዚህ ነው ነገሩን ዛሬም ስጽፈው የሚከብደኝ።

ጀሞ የገባነው በ2003 ዓ.ም ነው። ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች ከአዲስ አበባ ከአራቱም ማዕዘን ተሰብስበው በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ሆኑ። እኔ ከጉለሌ፣ እማማ ከልደታ፣ ከእኔ በላይ ያሉት ጡረተኛ መምህር ከካዛንቺስ፣ ፊት ለፊታችን ያሉት ወጣት ባልና ሚስት ከመርካቶ። ሰላምታችን ጥሩ ነበር፤ ግን ገና አልተዋወቅንም። ማን ስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ማን እንደሚያስለው፣ የማን ልጅ ሌሊት እንደሚያለቅስ አናውቅም።

ያደግሁበት ቤት የጭቃ ቤት ነው። ጭቃና ጭድ የተመረገበት ወፍራም ግድግዳ ብዙ ድምፅ ይውጣል፤ የተረፈው ደግሞ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። በግራ በኩል የልብስ ስፌት መኪና፣ በቀኝ በኩል የጠላ ቤቱ ጨዋታ፣ በጓሮ የዶሮዎቹ መንጫጫት። ልጅ ሆኜ ተኝቼ እያለሁ ሰፈሩን በጆሮዬ እስለው ነበር። ድምፅ ሁሉ ባለቤት ነበረው።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህ ጠፋብን። ህንጻችን ምድርን ጨምሮ አምስት ወለል ነው። ኮለኑና ቢሙ ኮንክሪት፣ ግድግዳው መሃሉ ባዶ የሆነ ብሎኬት ነው። አንድ ነገር ኮንክሪቱን በቀጥታ ሲመታው ድምፁ አየር ላይ አይጓዝም፤ በራሱ በህንጻው አጥንት ውስጥ ይሮጣል። አየር ላይ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በኮንክሪት ውስጥ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ዐሥር እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ ይደርሳል፤ ከዚያ ግድግዳው በሙሉ፣ ጣራው በሙሉ፣ ወለሉም አብሮ እንደ ከበሮ ቆዳ ያሰማዋል። ጆሯችን ደግሞ የድምፅን አቅጣጫ የሚለየው አንደኛው ጆሮ ከሌላኛው ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ባነሰ ጊዜ ቀድሞ ስለሚሰማ ነው። ድምፁ ከአራቱም ግድግዳ ባንድ ላይ ሲመጣ ያቺ ትንሽ ልዩነት ትጠፋለች። ያን ጊዜ አቅጣጫውን የሚነግረን ጆሯችን መሆኑ ይቀራል፤ አስቀድመን የጠረጠርነው ሰው ቤት ወዳለበት እንሰማለን። ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ ብዙ ነገር ይቀር ነበር።

በጋራ ህንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ማኅበር አቋቁመን ነበር፤ እኔ ጸሐፊ ነበርኩ። ጥር መጨረሻ ላይ በአንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ በደረጃው ሥር ተሰበሰብን። እማማ ለቅሶ ቤት ሄደው አልነበሩም። ሰው ሁሉ የየራሱን ተናገረ። አንዷ ልጇ ትምህርት ቤት እንቅልፍ እያንጎላጀጃት መሆኑን፣ አንዱ የሌሊት ሹፌር ስለሆነ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገና ጋደም እንደሚል፣ መምህሩ የደም ግፊት እንዳለባቸው። ሁሉም በአንድ ነገር ተስማሙ፤ የሚወቀጠው ታች ነው፣ ወቃጯም እማማ ናቸው። ሌሊት የሚነሡ ሴት መሆናቸውም ይታወቃል፤ ኪዳን ለማድረስ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወጡ በሩ ይሰማል። «አንተ ልጃቸው ትሆናለህ፤ በለዘበ አፍ ንገራቸው» ተባልኩ።

በማግስቱ ማታ ሄድኩ። በራቸው ገርበብ ብሎ ነበር።

«ግባ ልጄ፣ ግባ። ቡና ደርሷል።»

ቁጭ አላልኩም። ቢያንስ ቁጭ ማለት ነበረብኝ። ቆሜ ነው የተናገርኩት፤ ጎረቤት እንቅልፍ ማጣቱን፣ ሙቀጫው ሌሊት ሌሊት እንደሚሰማ፣ ቢቻል ቀን ላይ ቢሆን። እማማ ጀበናውን ከማቶቱ ላይ አስተካክለው አስቀመጡና ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔ እኮ ሌሊት አልወቅጥም ልጄ። እኔም እሰማዋለሁ። ከላይ ነው የሚመጣው። ከእናንተ አንዱ ነው፣ ጉዳይ ቢኖረው ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ይህን ቃል ሰምቼ ወጣሁ። ደረጃውን ስወጣ ልቤ ያለኝ «አፈሩና ካዱ» ነው። በማኅበሩ መዝገብ ላይ «ተነግሯቸዋል» ብዬ ጻፍኩ። መዝገቡ አሁንም አለ፤ በእጄ ጽሑፍ።

ድምፁ አልቆመም። የሚገርመው፣ አለመቆሙ ጥርጣሬያችንን አላላላውም፤ አጠነከረው። «ሙቀጫውን በጨርቅ ጠቅልለው ነው» የሚል መጣ። «እልህ ገብተው ነው» የሚል መጣ። እማማ በደረጃው ሥር ሲያልፉ ወሬ መቋረጥ ጀመረ፤ እሳቸውም ይህ አልጠፋቸውም። ጠዋት ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ቆመው «እንዴት አደራችሁ» ይሉ የነበሩት ሴትዮ በራቸውን ዘግተው መዋል ያዙ።

ሌላ ተጠርጣሪ አልጠፋም ነበር፤ ቶሎ ቶሎ ነጻ ወጡ እንጂ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብረት የሚያነሣው ልጅ ለሁለት ሳምንት ሐዋሳ ሄዶ ድምፁ ቀጠለ። ማታ ማታ የሚሰማው የጣራው ቆርቆሮ ቀጭ ቀጭታ ፀሐይ ያሞቀው ብረት ሲቀዘቅዝ ሲኮማተር የሚያሰማው ነው፤ እሱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ይጀምርና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። አራተኛ ፎቅ ያሉት እናት ቦታው ድሮ መቃብር ነበር የሚል ወሬ ሰምተው ጠበል አምጥተው ከታች እስከ ላይ ደረጃውን ረጩ። ብዙዎቻችን ተሳለምን። በዚያ ሳምንት ሁለት ሌሊት ድምፅ ሳይኖር አለፈና ደስ አለን፤ በሦስተኛው መጣ።

እኔ በበኩሌ ደብተር ያዝኩ። ቀኑን፣ የጀመረበትን ሰዓት፣ ያቆመበትን ሰዓት እጽፋለሁ። ብርጭቆ በግድግዳ ላይ ደፍቼ ጆሮዬን እያስጠጋሁ ከክፍል ወደ ክፍል ሄድኩ፤ ብርጭቆው ድምፁን አጎላልኝ እንጂ አቅጣጫ አልሰጠኝም። ደብተሩ ግን አንድ ነገር ያሳይ ጀመር። ድምፁ በየሌሊቱ አይደለም። ማክሰኞ ሌሊትና ቅዳሜ ሌሊት ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ ዝንፍ ይላል። ይህን እያየሁም አልገባኝም። ኪዳን የሚሄድ ሰው ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ለምን ይወቅጣል ብዬ መጠየቅ ሲገባኝ፣ የሳቸውን የቡና ቀን ያገኘሁ መሰለኝ።

መጋቢት 2 ቀን ሑዳዴ ገባ። በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ድምፁን ነቅቼ ጠበቅሁት ማለት ይሻላል፤ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ እንደ ውሃ የፈሰሰብኝ። እማማ በሑዳዴ ቅዳሴ ሳይወጣ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ጠብታ ውሃ በአፋቸው አይዞርም። ባለፈው ዓመት በዘወረደ ሳምንት ባለቤቴ ሳታስታውስ ጠዋት ቡና ብትጠራቸው «ገና ነው ልጄ» ብለው ስቀው የተመለሱ ሴት ናቸው። ለማን ብለው ነው በዘወረደ ሌሊት ቡና የሚወቅጡት?

ባትሪ ይዤ በባዶ እግሬ ደረጃው ላይ ወጣሁ። ከላይ እስከ ታች ሰው የለም፤ የእማማ በር ሥር መብራት የለም። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሚዛኔን ለመጠበቅ ከግድግዳው ጎን የሚወጣውን የውሃ ቧንቧ ያዝኩ። ቧንቧው በእጄ ውስጥ ዘለለ። ዱብ ሲል ዘለለ፤ ሲያርፍ አረፈ። ወር ተኩል ሙሉ ጆሮዬ ያላገኘውን መዳፌ በአንድ ቅጽበት አገኘው። እዚያው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ፤ ቧንቧውን ሳልለቅ።

ባለቤቴን ቀሰቀስኳትና ደብተሩን አሳየኋት። አንዴ አየችና «ማክሰኞና ቅዳሜ እኮ ውሃ የሚመጣበት ነው» አለች።

ውሃ በፈረቃ ነበር የሚመጣልን፤ ሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ያውም ሌሊት፣ ከተማው ተኝቶ ግፊቱ ሲበረታ። ድሮ ይህን ማንም አይረሳውም ነበር። ጀሪካን ጀሪካን ይዘን ስምንት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት እንነሣለን፤ ሙሉው ህንጻ መብራት ያበራል፤ ደረጃው ላይ ስንገናኝ «እናንተ ጋ መጣ?» እንባባላለን። ኅዳር ላይ ግን ከየቤቱ ገንዘብ አዋጥተን በደረጃው አናት ላይ ባለው ስላብ ላይ ሁለት ሮቶ አስቀመጥን። ከዚያ ወዲህ ውሃ ሲመጣ በራሱ ሮቶውን ይሞላል፤ እኛ እንተኛለን። የውሃውን ሌሊት የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ነቅተን ብንሆን ኖሮ ውሃውንና ድምፁን በአንድ ላይ እንሰማቸው ነበር፤ በመጀመሪያው ሳምንት ያልቅ ነበር።

በማግስቱ የጠራነው የቧንቧ ሠራተኛ ረዥም ካቻቢቴ አወጣ። ጫፏን ቧንቧው ላይ ተክሎ እጀታዋን ጆሮው ላይ አስጠጋና ጎረቤት እንደሚያዳምጥ ሰው ዝም አለ። መካኒኮች ሞተር ሲያዳምጡ የሚያደርጉት ነው። ውሃ የሚመጣበት ቀን ባይሆንም አንዱ ፎቅ ላይ ቧንቧ እያስከፈተ፣ እያስዘጋ፣ ከወለል ወለል ሄደ። ከዚያ ወደ ሮቶው ወጣን። ክዳኑን ሲያነሣ ውስጡ ያለችውን ተንሳፋፊ ኳስ አሳየኝ። ኳሷ በክንድ ከመዝጊያው ጋር ተያይዛለች፤ ውሃው ሲሞላ ከፍ ብላ መስመሩን ትዘጋለች። ሮቶው ሊሞላ ሲል ግን ውሃው ሰላም የለውም፤ የሚገባው ውሃ ማዕበል ይፈጥራል፣ ኳሷም በማዕበሉ ላይ ትዘላለች፤ ከፍ ስትል ትዘጋለች፣ ዝቅ ስትል ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ትከፍታለች።

«ታክሲ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ምን ይሆናል?» አለኝ። «ተሳፋሪው ሁሉ ወደፊት ነው የሚሄደው። ውሃውም እንደዚያው ነው። ከታች እስከ ላይ ያለው ውሃ እየሮጠ መጥቶ በሩ ሲዘጋበት ቧንቧውን በጭንቅላቱ ይመታዋል።»

በኋላ አንብቤ እንደተረዳሁት ይህንን ነገር የሩሲያው ሳይንቲስት ኒኮላይ ዡኮቭስኪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1890ዎቹ መጨረሻ በሞስኮ የውሃ መስመሮች ላይ ሞክሮ፣ ለክቶ፣ ቀመር አውጥቶለታል። በሰከንድ አንድ ሜትር ብቻ የሚጓዝ ውሃ ጠንካራ የብረት ቧንቧ ውስጥ በቅጽበት ቢገታ ግፊቱ ከዐሥር የአየር ግፊት በላይ ሊዘል ይችላል። ግፊቱ ማዕበል ሆኖ በሰከንድ ከ1,000 ሜትር በላይ በቧንቧው ውስጥ እየተመላለሰ ይመታል። የታክሲው ምሳሌ ግን ለእኔ ይበቃ ነበር።

ቧንቧው ይህን ሁሉ ምት ሲቀበል የሚይዘው አልነበረም። ሮቶውን ያስቀመጠልን ሰው፣ ዋጋ ቀናሽ ነው ብለን የመረጥነው፣ ግድግዳው ላይ በየተወሰነ ርቀት በማሰሪያ ማሰር ሲገባው ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ብቻ አስሮ ትቶት ነበር። ቧንቧው ከምድር ቤት ወደ ላይ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ በተመታ ቁጥር የኮንክሪቱን ጠርዝ ይወቅጣል። የቀዳዳው ጠርዝ ተፈርፍሮ አመድ የመሰለ ሲሚንቶ ሥሩ ተጠራቅሟል። ቀዳዳው ያለው በእማማ ማዕድ ቤት ግድግዳ ጥግ፣ ከጣራቸው ጋር ነው። ከላይ ይመጣል ያሉት ለዚህ ነበር። እኛም ከታች ነው ያልነው ለዚህ ነበር።

ጥገናው ግማሽ ቀን አልፈጀም። የኳሷን መዝጊያ ቀስ ብሎ በሚዘጋ ቀየረው፤ የሚገባውን ውሃ ወደ ሮቶው ወለል በሚወርድ ቱቦ አስገብቶ ማዕበሉን አበረደ፤ የመኪና ከመነዳሪ ቆርጦ በማሰሪያዎቹ ሥር እያደረገ በየሜትሩ አጠበቀ። ቀዳዳው ላይም ጎማ ጠቀለለበት። ቅዳሜ ሌሊት አሥር ሰዎች ሆነን ደረጃው ላይ ነቅተን ጠበቅን። ውሃው መጣ፤ ሲንሾካሾክ ተሰማን፤ ሮቶው ሞላ፤ ዝም አለ።

መምህሩ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው አንደኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ ተቀምጠው ነበር። «አዋጁ የጋራ መጠቀሚያ የሚለው ይህ ቧንቧ አይደለም እንዴ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ማንም አልመለሰላቸውም። ቧንቧው የሁላችን ነው። ሮቶውን የገዛነው በመዋጮ ነው፤ ሠራተኛውን የመረጥነው በእጅ ብልጫ ነው፤ እኔ ቃለ ጉባኤውን ጽፌያለሁ። ድምፁ ከመጀመሪያውም የሁላችን ነበር፤ የሰጠነው ግን ለአንዲት ሴት ነው፤ ሙቀጫ ስላላት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ አምስት ሆነን ወደ እማማ ቤት ገባን። ባለቤቴ ሁለት ኪሎ ጥሬ ቡና ይዛለች። ሁላችንም ተቀመጥን። መምህሩ በዕድሜ ከእሳቸው ያንሳሉ፤ ተነሥተው ጉልበታቸውን ሊስሙ ሲጎነበሱ እማማ ትከሻቸውን ይዘው አነሷቸው። እኔ ለመናገር ስጀምር አፌ ተሳሰረ።

«ተወው ልጄ» አሉኝ። «ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን ይላል?»

ቡናውን ሲያቀርቡ ሳያቸው ከፌስታል ነው ያወጡት፤ የተፈጨ። ዓይኔ ሙቀጫዋ ትቀመጥበት ወደነበረው ጥግ ሄደ። ባዶ ነው።

«ሙቀጫዋስ እማማ?»

«አንተ በመጣህ ማግስት ነው የተውኩት። ቀንም ቢሆን ሰው ይሰማኛል እያልኩ እጄ እንቢ አለኝ።»

ተነሥተው የጓሮውን መስኮት ከፈቱ። ሙቀጫዋ መስኮቱ ሥር፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አፈር ተሞልታለች። የለሰለሰው ጠርዟ ላይ ጤና አዳም ወጥቶ ሞልቶ ወደ ውጭ ተዘርግቷል፤ ዘነዘናዋ መሃሏ ላይ ተተክላ ቅርንጫፉ በክር ታስሮባታል። እማማ እጃቸውን በመስኮቱ አውጥተው ከጫፉ ቅጠል ቀነጠቡና በመዳፋቸው አሸት አሸት አድርገው ስኒዬ ውስጥ ጣሉልኝ።

«ጠጣ» አሉኝ። «ሳይቀዘቅዝብህ።»